«ተቀበል» የሚል በሌለበት
ስለ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የክራር ዘፈን አልበም

የአገራችን ዘፈን በሸክላ መቀረጽ ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም በጀርመን አገር ሳሉ ድምፃቸውን ለሸክላ እንደ ሰጡ የታወቀ ነው። ሆኖም ስለ ተቀረጸ ዘፈን በእኛ ዘንድ የሚጻፈው፥ ወይ የዘፋኙን የሕይወት ታሪክ መተረክ ወይም ማወደስ ብቻ ሲሆን ይታያል። ዘፈኑ ወደ ቀረጻ በገባ ጊዜ ምን አገኘ፥ ምንስ አጣ? የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም አልተነካም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በአንድ አልበም ላይ ለመመርመር ነው።

አልበሙ የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ነው። ወይዘሮ አስናቀች በአዲስ አበባ የቴአትር መድረክ ላይ ቀድመው ከወጡት ሴቶች አንዷ ሲሆኑ፥ በክራር አጨዋወታቸውና በግጥማቸው ስመ ጥር ነበሩ፤ ያረፉትም በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት የተቀረጹት ዘፈኖቻቸው በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በፓሪስ በሚታተመው «ኤትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ እትም 16ኛ ቁጥር ሆነው፥ እ.ኤ.አ. በ2003 «ባለ ክራሯ እመቤት» በሚል ትርጉም ርእስ ወጥተዋል።

ባለፈው ክረምት ዕረፍት ወደ ትውልድ ቀዬዬ ወደ ድብ ባሕር በወረድሁ ጊዜ ይህን አልበም ይዤ ሄጄ ነበር። ድብ ባሕር ከሊማሊሞ ግርጌ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በቤታችን ለተሰበሰቡት ሽማግሌዎችና በሠርግ ወራት ማሲንቆ ይዞ ለሚዞር አንድ አዝማሪ አሰማኋቸው። አያቴ ድምፁን ወደዱት፤ ነገር ግን ክራር የጎረምሳና የከተማ ነገር ነው፥ የእኛ አገር ዘፈን በማሲንቆ ነው ሲሉ ተከራከሩ። አዝማሪው ግን ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ካደመጠ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ይኸውም ግጥሙን የሚሰጣት ማን ነው? የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው በጎንደር የአዝማሪ ዘፈን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ የተመሰገነው ይሸልማል፥ የተነካውም በሌላ ስንኝ መልስ ይልካል። ሰሙ ለሁሉ ይሰማል፤ ወርቁ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደ ተቀያየመ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ሰጪና ተሰጪ በሌለበት ክፍል፥ በማይክሮፎን ፊት የተቀመጠ ዘፋኝ የዘፈኑን ግማሽ ከየት ያመጣል?

በበኩሌ አልበሙ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እጅግ ብልህ ይመስለኛል። የተቀባዩን ቦታ ክራሩ ይዞታል። ወይዘሮ አስናቀች አንድ ስንኝ ብለው ሲያበቁ ወደ ሁለተኛው አይቸኩሉም፤ ክራሩ ዜማውን ጥቂት ይደግመዋል፥ ጥቂት ይለውጠዋል፤ አንዳንዴም በስንኙ የሚያሾፍ ይመስላል። አድማጩ ወርቁን የሚፈልገው በዚህች ዕረፍት ውስጥ ነው። በትዝታ ቅኝት ሲዘፍኑ ይህ በግልጥ ይሰማል፤ ድምፃቸው በቃሉ መጨረሻ ላይ ተንቀጥቅጦ ሲቀር፥ ያልተባለውን አውታሩ የሚለው ይመስላል። ስለዚህ ከገበታው ዙሪያ የጠፋው ሰው ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አይቻልም፤ ወደ ዘፋኟ ጣቶች ተዛውሯል።

ይህን ካልን በኋላ ግን ስለ ኦርጋኑ መናገር ግድ ነው። በአልበሙ ኦርጋን የሚጫወቱት የዋልያስ ባንድ መሪ የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ችሎታቸው የሚያጠራጥር አይደለም፤ ድምፁም ከግጥሙ ሥር ዝግ ብሎ ሲሄድ ለጆሮ ያምራል። ጉዳዩ የመሣሪያው ጠባይ ነው። ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው፤ ድምፁ ዛሬ ወፍሮ ከሆነ አውታሩ ይላላል፥ ቀጥኖ ከሆነም ይወጠራል። የኦርጋን ድምፅ ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ የጸና ነው። ስለዚህ ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ ከተፈለገ የሚታዘዘው ክራሩ ነው፤ ክራሩ ሲታዘዝ ጉሮሮውም አብሮ ይታዘዛል። ከዚህም በላይ ኦርጋኑ ከላይ ያልነውን ዕረፍት በሚሞላበት ጊዜ አድማጩ ወርቁን የሚፈልግበት ስፍራ ይጠብበታል። አልበሙ የሚነቀፍበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፥ ዘፈን በሸክላ ሲታሰር ይሞታል ብሎ ይደመድም ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። በተዝካርም ሆነ በሠርግ የተሰጠ ስንኝ ያን ሌሊት ለሰሙት ብቻ ነበር፤ የተቀረጸውን ግን ሰው ደጋግሞ ሊመረምረው ይችላል። አያቴም ቢሆኑ በመጀመሪያው ቀን ክራሩን ቢነቅፉም፥ በሦስተኛው ቀን አንዱን ስንኝ መልሼ እንዳሰማቸው ጠይቀው፥ እኔ ያልደረስሁበትን ወርቅ አውጥተው ነገሩኝ። የቀረጻ ትርፉ ይህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ስንኙ ለማን እንደ ተባለ፥ በምን ቀንና በማን ፊት እንደ ተባለ ከድምፁ ጋር አለመቀረጹ ነው። የአልበሙ መግለጫ በፈረንጅ ቋንቋ መጻፉም ለእኛ አድማጭ ይህን ክፍተት አልሞላለትም።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ ተማሪዎች አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ዛሬ ሁላችንም በኪሳችን ድምፅ መቅረጫ አለ። ወደየአገራችን ስንሄድ አዝማሪውን ብቻ ለይተን ጸጥ ባለ ክፍል ከምንቀርጽ፥ «ተቀበል» ባዩን፥ ሳቁን፥ የመልሱንም ስንኝ አብረን እንቅረጽ፤ ማን ለማን እንደ ሰጠም በፈቃዳቸው እንመዝግብ። ወይዘሮ አስናቀች ብቻቸውን ሆነው የሁለት ሰው ዘፈን ለመዝፈን በቅተዋል። ይህ ግን የአንዲት ታላቅ ባለሙያ ጸጋ ነው፤ ከእያንዳንዱ የአገር ቤት አዝማሪ ልንጠብቀው አይገባም። አዝማሪው የጠየቀኝን ጥያቄ ለመመለስ የምንችለው ሰጪውንም ተቀባዩንም ስንሰማ ነው።