ዘፈን ሙሉ ቀን? ስለ ትንሿ ራዲዮ የፕሮግራም ረቂቅ የቀረበ ሂስ

ባለፈው እትማችን፣ በካምፓችን ሊቋቋም ለታሰበው ትንሽ ራዲዮ ወጣቶቻችን ያዘጋጁትን የፕሮግራም ረቂቅ አንብበናል። ረቂቁ በቀን አሥር ሰዓት ሥርጭት ያስባል። ከአሥሩ ስምንቱ ዘፈን፣ በየሰዓቱ መግቢያ አምስት ደቂቃ ዜና፣ የቀረው ማስታወቂያና ሰላምታ ነው። የደከሙበትን ድካም አመሰግናለሁ። ዳሩ ግን ምስጋና ብቻውን ሂስ አይባልምና፣ ቅር ያለኝን በግልጽ ልናገር።

የረቂቁ ምሰሶ አንድ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም «ራዲዮ አንድ መልክ ይኑረው፤ አድማጭ የሚወደውም ዘፈን ነው» የሚል ነው። ይህ ዘዴ የተወለደበትን አገር እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ በኦማሃ ከተማ፣ ቶድ ስቶርዝ የተባለ የጣቢያ ባለቤት ጥቂት ተወዳጅ ዘፈኖችን እየደጋገመ በማሰማት ብዙ አድማጭ ሰበሰበ። ሰዎች በሳንቲም ከሚዘፍነው ሣጥን ያንኑ ዘፈን ደጋግመው እንደሚመርጡ አስተውሎ ነበር። ዘዴው ሠራለት። ለምን ቢሉ፣ በዚያ አገር አድማጩ መዘውሩን ቢያዞር ሌላ ጣቢያ ያገኛል፤ ዜና የፈለገ ወደ ዜናው፣ ስብከት የፈለገ ወደ ስብከቱ ይሄዳል። በትልቅ ገበያ መካከል በርበሬ ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ያዋጣዋል። በመንደሩ ያለው ሱቅ አንድ ብቻ ከሆነ ግን፣ ባለሱቁ ጨውም፣ ክብሪትም፣ ሳሙናም ሊኖረው ግድ ነው። የእኛ ራዲዮ የመንደር ሱቅ ናት።

ዴም የነበርን ሁሉ የማንረሳው ቀን አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ሥዑር ነበር። ዶሮው ተገዝቶ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ ፋሲካን ስንጠብቅ ካርቱም በተኩስ ተናወጠች። በዚያ ሰሞን የጎደለን ዘፈን አልነበረም፤ ዘፈኑማ በየስልካችን ሞልቶ ነበር። ያጣነው «ይህ መንገድ ተዘግቷል፤ ውኃ እዚያ አለ፤ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ መኪና ከዚህ ይነሣል» ብሎ በአማርኛና በትግርኛ የሚነግረን፣ የምናውቀውና የምናምነው ድምፅ ነበር። ወሬ ከቤት ቤት ሲዞር፣ አንዱ «ውጡ» ሲል ሌላው «ቆዩ» ሲል፣ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እናት ሦስት ጊዜ ጓዛቸውን አሥረው ሦስት ጊዜ ፈቱት። ራዲዮ ቢኖር ሁሉ ይድን ነበር አልልም። እኚያ እናት ግን ቢያንስ አውቀው ይወስኑ ነበር።

«በየሰዓቱ ዜና አለ አይደለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን ማን ያጠናቅረዋል? ስምንት ሰዓት ዘፈን አንድ ልጅ ብቻውን ያካሂደዋል። አሥር ዜና ግን የሚሰማ፣ የሚጠይቅ፣ የሚያጣራ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ የጠዋቱን ዜና እስከ ማታ መድገም ይሆናል፤ አድማጭም ይሰለቻል፤ በክፉ ቀን ጆሮውን የሚሰጥ አይገኝም።

ከራሳችን ታሪክ ደግሞ እንማር። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ፣ ባለቤቱ የሉተራን ዓለም ፌደሬሽን ሆኖ ሳለ፣ ለሃይማኖት የመደበው ከሥርጭቱ ሠላሳ በመቶ ያህሉን ነበር። ሰባ በመቶው ለዜና፣ ለትምህርትና ለመሳሰለው ዋለ። ሰባኪ እንኳ አድማጩ ብዙ ዓይነት መሆኑን አውቆ ጊዜውን አካፍሏል። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ሲወርሰው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ስለዚህ ድልድሉን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ከወዲሁ መነጋገር ይገባናል።

በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለውን ዝግጅት ያላወቀ ጥቂት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ ያስፈለገው አንድ መጽሐፍና አንድ የተባ አንደበት ነበር። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ ድራማም በ257 ክፍል ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ አስተምሯል። ታሪኩን ለመከታተል የተቀመጠ ሰው ምክሩንም አብሮ ሰማ። በምሥራቅ ቻድ ለዳርፉር ስደተኞች የተቋቋሙት እንደ ራዲዮ ሲላ ያሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ደግሞ ሴቶች የሚናገሩበትና የሚደመጡበት ዝግጅት ነበራቸው። በእኛ ረቂቅ ግን የሴቶች ሰዓት የለም።

እዚህ ላይ ግለሂስ ላድርግ። እኔ መምህር ነኝና «ሁሉም ትምህርት ይሁን» ማለት ይቃጣኛል። ያም ቢሆን ያው ጥፋት ነው፤ ሙሉ ቀን ትምህርት የሚያሰማ ራዲዮ ሙሉ ቀን ከሚዘፍነው ይልቅ ቶሎ ይዘጋል። ከዚያም በላይ፣ የተደባለቀ ፕሮግራም የራሱ ችግር አለው። ሰዓቱ ካልታወቀ ዜና የፈለገው ዘፈን ላይ፣ ዘፈን የፈለገው ዜና ላይ ይደርሳል። መድኃኒቱ የማይናወጥ ሰዓት ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። አሥሩ ሰዓት ወደ አራት ይውረድ። ጠዋት ሰው ለውኃ ሳይሰለፍ በፊት አንድ ሰዓት፤ በውስጡም ስለ ራሽን፣ ስለ ክሊኒክ፣ ስለ መንገድ የተጣራ ወሬ በአማርኛ፣ በትግርኛና በዐረብኛ ይነገር። ከቀትር በኋላ፣ ጀበና በሚጣድበት ጊዜ፣ ሴቶች ራሳቸው የሚያዘጋጁት አንድ ሰዓት ይሁን። ማታ ሁለት ሰዓት ይቀጥል፤ ዜና፣ የመጽሐፍ ትረካ፣ ከዚያም ዘፈን። ዘፈኑ በሁሉም መካከል ይግባ፤ ያለ እርሱ ማን ይቀመጣል? ሴቶች የሚመቻቸውን ሰዓት ግን ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታልና ይጠየቁ።

የረቂቁ አዘጋጆች በሚቀጥለው እትም መልስ ይስጡን። ስትመልሱ ግን ጓዛቸውን ሦስት ጊዜ የፈቱትን እናት አስቡልኝ፤ በአራተኛው ጊዜ ራዲዮ ሲከፍቱ ምን እናሰማቸዋለን?