ከተፎካካሪ ቪዲዮ ሥር ምን ተጻፈ?

የሌላ ሰው ቻናል የማያይ ዩቲዩበር የለም። ልዩነቱ አያየቱ ላይ ነው። አንዱ የተፎካካሪውን የሰብስክራይበር ብዛት አይቶ ሞራሉ ይወድቃል፤ ሌላው ትናንት የተለቀቀውን የዶሮ ወጥ ቪዲዮ ዛሬ በራሱ ድስት ይደግመዋል። ሁለቱም ጊዜያቸውን አባክነዋል።

የምግብ አሠራር ቻናል ይዤ በቆየሁባቸው ዓመታት ያጸናሁት አቋም አለ። ብዙ ሕዝብ ያየው ቪዲዮ መልስ ያገኘ ጥያቄ ነው። ያንኑ መልስ ይዞ መቅረብ ቀድሞ ቦታውን ከያዘ ሰው ጋር መጋፋት ነው። ለትንሽ ቻናል እንጀራ የሚሆነው፣ ተመልካቹ ያንን ቪዲዮ አይቶ ከጨረሰም በኋላ ያልተመለሰለት ጥያቄ ነው። ጥያቄው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቪዲዮ ሥር፣ ኮሜንቱ ውስጥ ተጽፎ ቁጭ ብሏል።

በመጀመሪያ ግን ተፎካካሪው ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ምግብ የሚሠራ ሰው ተፎካካሪዎቹ ምግብ ሠሪዎች ብቻ ይመስሉታል። ዩቲዩብ ስቱዲዮ በቂ ተመልካች ላለው ቻናል፣ ተመልካቾቹ ሌላ ምን እንደሚያዩና በየትኛው ሰዓት ዩቲዩብ ላይ እንደሚገኙ ያሳያል። የእኔን ስከፍተው ከወጥ ሠሪዎቹ ይልቅ ተከታታይ ድራማ፣ ረጃጅም ቃለ መጠይቅና መዝሙር ይበዛል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የእኔን ምስር ወጥ አቋርጣ የምትወጣ ሴት ወደ ሌላ ምስር ወጥ አትሄድም፤ ድራማዋ ተለቅቆላታል። ስለዚህ ሁለት ዝርዝር እይዛለሁ። አንዱ የሙያ አጋሮቼ ነው፤ የተመልካቹን ጥያቄ የምለቅመው ከእነሱ ነው። ሌላው የተመልካቾቼን ሰዓት የሚሻሙኝ ነው፤ ከእነሱ የምማረው መቼ እንደሚለቁ፣ ወሬውን እንዴት እንደሚጀምሩና ሰው እስከ መጨረሻው እንዲቆይ ምን እንደሚያደርጉ ነው።

ሰዓቱ ራሱ አንድ አይደለም። አዲስ አበባና ሪያድ ሰዓታቸው እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች፤ ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እኛ እራት ስንበላ እዚያ ገና እኩለ ቀን ገደማ ነው። ተፎካካሪዬ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የሚለቅ ከሆነ ለማን ብሎ እንደሚለቅ ከዚያው መገመት ይቻላል።

ከሙያ አጋሮቹ ደግሞ ግዙፎቹን ብቻ መመልከት አያዋጣም። ብዙ መቶ ሺህ ሰብስክራይበር ያለው ቻናል ምንም ቢለቅ ይታያል፤ ከእሱ የትኛው ሐሳብ እንደሠራና የትኛውን ስሙ ብቻ እንደተሸከመው መለየት አስቸጋሪ ነው። በእኔ ልክ ያለ፣ ወይም ትንሽ የቀደመኝ ቻናል የበለጠ ያስተምረኛል። የሰብስክራይበር ቁጥር የተጠራቀመ ታሪክ ነው፤ ዛሬ ማን እያየ እንደሆነ አይናገርም። ጀማሪ በ1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ በ4,000 የእይታ ሰዓት የገቢ መስፈርት ስለሚጨነቅ፣ የሰውንም ቻናል የሚመዝነው በዚያው ሚዛን ነው።

የእኔ አቆጣጠር ቀላል ነው። የአንድን ቻናል የቅርብ 20 ቪዲዮዎች እወስድና በእይታ ብዛት በቅደም ተከተል እደረድራለሁ። መሐል ላይ የሚወድቀው ቁጥር የቻናሉ የዘወትር አቅም ነው። አማካይ አልወስድም፤ አንድ የፈነዳ ቪዲዮ አማካዩን ብቻውን ሰቅሎ ያሳስታል። ለምሳሌ የመሐሉ 6,000 ሆኖ አንዱ ብቻ 70,000 ከደረሰ፣ መጠናት ያለበት ያ ነው።

እሱንም ቢሆን ወዲያው አላምነውም፤ አስቀድሜ የተለቀቀበትን ቀን አያለሁ። ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው የወጣ የዶሮ ወጥ ቢታይ ምኑ ይገርማል? በዓሉ ነው የገፋው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ አለ፤ የጾም ምግብ ፍለጋ በእነዚህ ዋዜማዎች ይነሳል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ ሳምቡሳና ሾርባ የሚፈለግበት ወር ይቀያየራል። በ2018 ዓ.ም. የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለገቡ፣ በዚያ ሰሞን ከፍ ያለን ቁጥር ሁሉ ለሠሪው ጉብዝና መስጠት አይቻልም። ያለ በዓልና ያለ ጾም፣ በተራ ሳምንት ከዘወትሩ በብዙ እጥፍ የታየ ቪዲዮ ግን ትምህርት አለው።

ቀጥሎ ታምኔሉ ነው። የአማርኛ ዩቲዩብ ቀይ ቀስት፣ ቀይ ክብ፣ የሚያለቅስ ፊትና «ጉድ» የሚል ጽሑፍ የለመደ መንደር ነው፤ ልማዱ ማድቤትም ገብቶ «ይህን ሳታዩ ሽሮ እንዳትሠሩ» ያስብላል። ሰው በዚህ ይነካል፣ ይገባል፣ ከዚያ ይወጣል። ዩቲዩብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ቪዲዮ ለሰው ሲመክር ከነካው ሰው ብዛት ይልቅ ለቆየበት ጊዜ ክብደት ይሰጣል። የሌላውን ሰው ተመልካች የመቆየት መጠን ማየት አልችልም፤ የራሴ ግን ስቱዲዮ ውስጥ አለ፣ እስከ 30ኛው ሰከንድ ስንት በመቶው እንደቆየ ሳይቀር።

የታምኔል ጥናቴ የዓይን ሥራ ነው። የአሥር ተፎካካሪ ዶሮ ወጦችን ስክሪንሾት አንድ የስልክ ገጽ ላይ ደርድሬ ክንዴን ዘርግቼ እመለከታለሁ፤ ብዙው ተመልካች የሚያየው በትንሽ ስልክ ነውና። ሁሉም ቀይ ወጥ ነው፣ ሁሉም ጥቁር ሸክላ ላይ ነው፣ ጽሑፉ አይነበብም። ከሩቅ ብቅ የሚለው የተሰነጠቀው እንቁላል ነጭና ጎኑ ላይ ያለው አይብ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔ ታምኔል ላይ አይቡ ወደ ፊት ይመጣል፣ ጽሑፉ ከሦስት ቃል አይበልጥም። ዩቲዩብ ለአንድ ቪዲዮ እስከ ሦስት ታምኔል አስቀምጦ የሚያወዳድርበት መንገድ ስላለ ግምቴን በዚያ እፈትናለሁ። ዩቲዩብ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሾቹ የመነካት መጠናቸው ከ2 እስከ 10 በመቶ ነው፤ በ5 በመቶ የሚደነግጥ ሰው ይህን ይወቅ።

ከሁሉ የሚበልጠውን ጊዜ ግን የምሰጠው ለሁለት ነገር ነው፤ ለተደጋጋሚ እይታው ግራፍና ለኮሜንቱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩቲዩብ ሰው ደጋግሞ ያየውን ቦታ ከማጫወቻው መስመር በላይ በኮረብታ መልክ ማሳየት ጀመረ። በቂ እይታ ባለው ቪዲዮ ላይ ጣትን መስመሩ ላይ ሲያሳርፉ ኮረብታው ይታያል። የሰው ቻናል የውስጥ መረጃ ለሁሉም የሚታይበት ጥቂቱ መስኮት ይህ ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርበት ላሳይ። አንድ ትልቅ ቻናል የእንጀራ አጋገር ቪዲዮ ነበረው። ኮረብታው እንጀራው ከምጣድ የሚነሳበት ላይ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ ዓይናማው እንጀራ የሚያምረው እዚያ ነውና። ኮረብታው ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ አብሲቱ ላይ ነበር። ሠሪዋ ከቦካው ሊጥ ቀንሳ የፈላ ውኃ ውስጥ ታማስላለች፤ ካሜራው ከላይ ስለሆነ የሚታየው እንፋሎቱ ነው። ከዚያ ቪዲዮው ይቆረጥና አብሲቱ በርዶ፣ ሊጡ ላይ ተመልሶ፣ ኩፍ ብሎ እናገኘዋለን።

ሰው ቪዲዮ ወደ ኋላ የሚመልሰው ወይ ስለወደደው ነው፣ ወይ ስላልገባው። ግራፉ ሁለቱን አይለይም፤ የሚለያቸው ኮሜንቱ ነው። ሥሩ ስወርድ ከ«እጅሽ ይባረክ» ቀጥሎ ያለው ሁሉ ጥያቄ ነበር። አብሲቱ ምን ያህል ይወፍራል? ስንት ደቂቃ ነው የሚማሰለው? ትኩሱን ነው የምንመልሰው ወይስ ለብ ሲል? «በመጠኑ» ያልሽው በስንት ኩባያ ነው? ኮረብታው የተሠራው በግራ መጋባት ነበር። እኔ ያንን ክፍል ካሜራውን ከጎን አስቀምጬ ሳልቆርጥ ቀረጽኩት፤ ማማሰያው ሲነሳ አብሲቱ እንዴት እንደሚንጠባጠብ እንዲታይ፣ ውኃውም ሊጡም በኩባያ ተለክቶ።

ከእነዚያ ኮሜንቶች መካከል ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመ ነበር፤ የሚጽፉት ጅዳ፣ ዱባይና ኩዌት ያሉ እህቶች ናቸው። ሦስት ቀን ይቡካ የተባለው ሊጥ በአንድ ቀን ኮመጠጠባቸው። ትልቁ ቻናል «ሦስት ቀን» ያለው ለአዲስ አበባ ብርድ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው ሙቀት እርሾው ይፈጥናል። ይህን ሳይ ሌላም ነገር ተገለጠልኝ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ባሕር ዳርቻ 100 ላይ ነው። የእኛ ምስርና አተር የሚወስደው ደቂቃ ለጅዳ አይሆንም። አሜሪካ ያሉት ደግሞ ከዚህ የወሰዱት የኤሌክትሪክ ምጣድ አልግል ይላቸዋል፤ እዚህ መብራቱ 220 ቮልት፣ እዚያ 120 ነው። ለእነዚህ ሰዎች በአማርኛ የሚመልስ ብዙ አላየሁም። በሙቀት አገር ስለሚቦካ ሊጥ የሠራሁት ቪዲዮ የበዓል ግፊት ሳያስፈልገው እስካሁን ይታያል፤ ጥያቄው ሁልጊዜ አለና።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር ልበል። ኮሜንት ሰው ነገሩን በምን ስም እንደሚጠራው ያሳያል። እኔ ርዕስ ላይ «የእርሾ አያያዝ» ብዬ የማስበውን እነሱ «ሊጤ ለምን ኮመጠጠ» ይሉታል። ርዕሱን በእነሱ አፍ መጻፍ ለፍለጋም ለልብም ይቀርባል። «ፆም» እና «ጾም» ብለው በሁለት ፊደል የሚጽፉ፣ ጭራሽ በላቲን ፊደል የሚፈልጉም አሉ፤ ማብራሪያው ላይ ሁሉንም አስገባለሁ።

የማይታየውንም ማወቅ ሥራን ያቃልላል። አልወደድኩትም የሚለው ምልክት ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2021 ጀምሮ ለሕዝብ ተዘግቷል። የሰብስክራይበር ብዛትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በጥቅሉ ነው የሚታየው፤ በየቀኑ የጥቂት ሰው ለውጥ እየቆጠሩ መብሰልሰል ትርፍ የለውም። የሰውን ገቢ እናውቃለን የሚሉ ድረ ገጾች የሚያወጡት ሰፊ ግምት ነው። የማስታወቂያ ዋጋ እንደ ተመልካቹ አገር ስለሚለያይ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የታየ 10,000 እና አዲስ አበባ ውስጥ የታየ 10,000 ኪስ ሲገቡ አንድ አይደሉም። እከሌ ይህን ያህል ያገኛል እያሉ ማስላት፣ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚያሰኝ ነው።

ድንበሩም ይታወቅ። ሽሮ የማንም አይደለም፤ የአብሲት አሠራር ባለቤት የለውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳቡን ሳይሆን የተሠራውን ሥራ ነው፤ ምስሉን፣ ድምፁን፣ ጽሑፉን። የሰው ቪዲዮ ቆርጦ መለጠፍ፣ ታምኔሉን መገልበጥ፣ ትረካውን ቃል በቃል ማንበብ ጥናት አይባልም። ዩቲዩብም በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ጥሰት የተመዘገበበትን ቻናል ይዘጋል። እኔ ከዚያ አልፌ ሌላ ደንብ አለኝ፤ አንድ ዘዴ ከሌላ ሠሪ ከተማርኩ ቪዲዮው ውስጥ ስሟን እጠራለሁ። ተመልካቾቻችን የጋራ ናቸው፤ ማን ቀድሞ እንዳሳየ ያውቃሉ።

አሁን እኔንም የሚያጠና አለ። ቪዲዮዎቼን በእይታ ብዛት ደርድሮ፣ ኮረብታዬ የት እንዳለ አይቶ፣ ሥር ወርዶ ያልመለስኩትን ጥያቄ የሚለቅም ሰው። መብቱ ነው፤ እኔም ያደግሁት በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ዝርዝሬን ስከፍት መጀመሪያ የማነበው ቻናል የራሴን ነው፤ በባዕድ ዓይን፣ ከ«እጅሽ ይባረክ» በታች ያለውን። ሦስት ሰው አንድ ነገር ከጠየቀ ቀጣዩ ቪዲዮዬ ታወቀ ማለት ነው፤ ወደ ሌሎቹ የምሄደው ያንን መዝግቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው።