ጉዱ ካሣ በፎገራ

አንድ ገጸ ባሕርይ ከመጽሐፍ ወጥቶ የሕዝብ መጠሪያ በሚሆንበት ጊዜ፣ ሐያሲ ደራሲውን ብቻ ሳይሆን አንባቢውንም መመርመር ይገባዋል። በክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የምናገኘው ካሣ ዳምጤ ከዚህ ዓይነቶቹ ገጸ ባሕርያት ግንባር ቀደሙ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፣ ልማድን የሚነቅፍ ሁሉ «ጉዱ ካሣ» መባሉ የተለመደ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ካሣን እንደገና ማወደስ አይደለም፤ የጎለመሰው የዕውቀት ሰው ዕድሜውን በምን ላይ እንዳዋለው መጠየቅ ነው።

ካሣ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው። የባላባቱን ወገን ጥቅም ሊቋደስ ሲችል ጥቅሙን ንቆ፣ የሥርዓቱን ብልሽት ፊት ለፊት ይናገራል። ስለዚህም እንደ እብድ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ንግግሩ ከአዳራሹ አልፎ የማንንም ማሳ አያርስም። ገበሬውን አስተባብሮ የሚነሣው አበጀ በለው ነው እንጂ ካሣ አይደለም። ካሣ የሕይወቱን ትርጉም የሚያገኘው ለሁለት ወጣቶች፣ ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ፣ መካሪና መከታ ሲሆን ነው። በእኔ ግምት የገጸ ባሕርዩ ታላቅነት በረጃጅም ዲስኩሮቹ ሳይሆን በዚህ አሳቢነቱ ላይ ነው። ዲስኩሩን በቃል የሚወጣ አንባቢ ብዙ ሲሆን፣ አሳቢነቱን ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ይህን የደራሲው ድክመት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። አይመስለኝም። ደራሲው በሳለው የጎጃም ፊውዳላዊ ኅብረተሰብ ውስጥ ካሣ ከዚያ በላይ ቢያደርግ ኖሮ እውነታዊነቱ በተናጋ ነበር። ጥፋቱ በእኛ ዘንድ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የወጣትነት ተስፋው የቀዘቀዘበት ምሁር የካሣን ምላስ ብቻ ወርሶ፣ በየመሸታ ቤቱና በየስብሰባው ዳር ተቀምጦ መተቸትን እንደ ሥራ ቆጥሮታል። የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» አበራ ወርቁም የዚሁ በሽታ ሌላ መልክ ነው። በቢሮ ኑሮው ረክቶ ያልኖረው አበራ ትርጉምን የሚፈልገው በራሱ ውስጥ ነው፤ ከራሱ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ያለ አይመስለውም።

ከዓባይ ማዶ፣ በፎገራ፣ ደራሲ ያልጻፈው ሌላ ካሣ ኖሯል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ፣ ርብና ጉማራ ከሚያጥለቀልቁት ሩዝ አብቃይ ሜዳ ወጣ ብሎ፣ የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ይገኛል። መሥራቹ አቶ ዙምራ ኑሩ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ናቸው። ገና በልጅነታቸው፣ እናታቸው ከአባታቸው እኩል በማሳ ውለው ሲያበቁ የቤቱም ሥራ ለምን በእርሳቸው ብቻ እንደሚወድቅ ጠየቁ። መልሱ እንደ ካሣ ሁሉ «አብዷል» የሚል ነበር። በ1964 ዓ.ም. ማኅበረሰቡን የመሠረቱት ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ነው።

ለእኛ ርእስ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የሁለተኛው ምዕራፍ ታሪክ ነው። በ1981 ዓ.ም. ገደማ፣ በጦርነቱ ዘመን፣ ማኅበረሰቡ ተሳዶ እስከ ቦንጋ ተሰደደ። የተመለሰው ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው። አቶ ዙምራ ያን ጊዜ በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። ሲመለሱ የቀድሞው መሬት ለሌላ ሰው እርሻ ሆኗል፤ የቀረው ለሁሉ የሚበቃ አልነበረም። ተስፋ ለመቁረጥም፣ ቁጭ ብሎ ለመተቸትም ከዚህ የበለጠ ምክንያት አይገኝም። እነርሱ ግን ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮና ወደ ንግድ ዞሩ፤ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚጦሩበትን ቤት ሠሩ፤ ለሕፃናት መማሪያና ቤተ መጻሕፍት አቆሙ፤ ከሥራ ቀናቸውም ለተቸገሩ የሚውል ጊዜ ለዩ።

ጎብኚዎችና ፊልም ሠሪዎች መንደሩን ምድራዊ ገነት አድርገው ማሳየት ይወዳሉ። ይህ አቀራረብ ሥራውን ይሰውራል። አውራ አምባ ገነት አይደለም፤ የመሬት ጥበት አለበት፣ ከአካባቢው ጋር በእምነትና በልማድ መለያየቱም ቀላል ዋጋ አላስከፈለውም። ጥበብ ሊያሳየን የሚገባው ይህንኑ ዋጋ ነው፦ «አብዷል» የተባለ ሰው በማግሥቱ ማለዳ ተነሥቶ ለማን ምን እንደሚሠራ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ልብ ወለዱን ለኅትመት ያበቁት በኀምሳዎቹ ዕድሜያቸው ነው፤ ከዚያ በፊት ጣሊያንን ተዋግተዋል፣ ተማርከው በጣሊያን ታስረዋል፣ በዲፕሎማትነትም አገልግለዋል። የሥራን ነገር የማያውቁ ደራሲ አልነበሩም። ቢሆንም ካሣን እንዝርት አስይዘው አላሳዩንም፤ በዘመኑ ጎጃም ወንድ ልጅ ጥጥ ይፈትላል ብሎ መጻፍ ከእብደት ሁሉ የከፋ እብደት በሆነ ነበር። በአውራ አምባ ግን ወንዶቹ ይፈትላሉ፤ ሴቶቹ በሸማ መሥሪያው ላይ ተቀምጠው መወርወሪያውን ይወረውራሉ።