ለጋሿ ነጋዴ፦ ፍሎራ ንዋፓ በልቦለዷና በሥራዋ

ስለ ፍሎራ ንዋፓ የሚጻፍ ሁሉ «የመጀመሪያዋ» ከሚለው ማዕረግ ይነሣል። ልቦለዷን ለዓለም አቀፍ አንባቢ ያሳተመች የመጀመሪያዋ ናይጄሪያዊት መሆኗ እርግጥ ነው። ግን ይህ ልቦለድ፣ «ኤፉሩ»፣ በለንደኑ አሳታሚ ሃይንማን በታተመበት በ1966 እ.ኤ.አ. የኬንያዋ ግሬስ ኦጎትም የራሷን ልቦለድ አውጥታለች፤ በአህጉር ደረጃ ማን ቀደመ እያሉ መሟገት ብዙ አያራምድም። እኔን የሚስበኝ ሌላ ነው፦ ይህች ደራሲ ልግስናን ያየችው በነጋዴ ዓይን ነው።

«ኤፉሩ» ውስጥ ንዎሱና ሚስቱ ከዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ ከነጋዴዋ ኤፉሩ፣ ገንዘብ ይበደራሉ። በብድሩም ምክንያት ልጃቸው ኦጌያ አበዳሪዋ ቤት ገብታ ታገለግላለች። ቆይቶ ንዎሱ ሲታመም ሐኪም ቤት የምታደርሰው ይህችው ኤፉሩ ናት። እግሯ የቆሰለውን አሮጊትም ታሳክማለች። ታዲያ ገንዘቧን አትዘነጋም፤ ማን ከፈለ፣ ማን ሸሸ የሚለው ወሬ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ይከተለዋል። ቀደምት ሐያስያን ይህን የገበያና የጓዳ ጨዋታ ትርፍ ወሬ አድርገው ቆጥረው ደራሲዋን ከናይጄሪያዊው ልቦለድ ጸሐፊ ከአቼቤ ጋር እያነጻጸሩ አሳንሰዋታል። ያልተገነዘቡት ነገር ቢኖር ያ ወሬ የመንደሩ የሒሳብ መዝገብ መሆኑን ነው። ንዋፓ ዕዳና ቸርነት በአንድ እጅ ሲያዙ ታሳያለች። የኦጌያን ጉልበት ግን ዝም ብላ ታልፈዋለች፤ ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ንዋፓ በ1931 በኦጉታ ሐይቅ ዳር ተወለደች፤ ኢባዳን ተምራ በኤዲንብራ የመምህርነት ዲፕሎማ አገኘች። የናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ትውልድ አካባቢዋ ከናይጄሪያ የተገነጠለችው የቢያፍራ ግዛት ሆነ። በ1968 አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው የሰላም ድርድር ያለ ፍሬ ተበተነ፤ በዚያው ዓመት ኦጉታ በፌዴራሉ ጦር ተይዛ ወዲያው ወደ ቢያፍራ እጅ ተመለሰች። በ1975 የወጣው ልቦለዷ «ኔቨር አጌይን» ይህንኑ የጦርነት ጊዜ ይተርካል። ተራኪዋ ኬት ጠላትን ብቻ አትወቅስም። ድል ቀርቧል እያለ ሕዝቡን ከሽሽት የሚያግደውን የራሷን ወገን ፕሮፓጋንዳም አትምርም። በዘመኑ እንዲህ መጻፍ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ጦርነቱ በ1970 ሲያበቃ የምሥራቅ ማዕከላዊ ክልል የጤናና የማኅበራዊ ደኅንነት ኮሚሽነር ሆና ተሾመች። ወላጅ ላጡና ከቤተሰብ ለተለያዩ ሕፃናት መጠጊያ መፈለግ ከሥራዋ አንዱ ነበር፤ ቁጥራቸው ወደ 2,000 እንደሚጠጋ ይነገራል። የተሾመችበት አስተዳደር በአሸናፊው መንግሥት የተቋቋመ ነው። ይህን እንደ ክህደት ያዩባት ነበሩ ቢባል አያስገርምም፤ የተራቡት ልጆች ግን የፖለቲካው ጥራት እስኪጣራ የሚቆዩበት ጊዜ አልነበራቸውም።

ከሹመቱ በኋላ ኤኑጉ ላይ የራሷን አሳታሚ ድርጅት፣ ታና ፕሬስን፣ አቋቋመች። የአፍሪካ ልጆች የራሳቸውን ውኃና አማልክት የሚያገኙበት መጽሐፍ እንዲኖራቸው ፈልጋ «ማሚዋተር»ን የመሰሉ ሥራዎች አሳተመች። ከሥራዎቿ ሁሉ ለጋስነቷ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፦ በለንደን አርታዒ እጅ ያለፈው «ኤፉሩ» የያዘው ጥንቃቄ በኋለኞቹ መጻሕፍት ላይ አልፎ አልፎ ይጎድላል፤ መጻሕፍቱም ከናይጄሪያ ውጭ በቀላሉ አይገኙም ነበር። በ1993 ስትሞት ስለ ሐይቋ አምላክ የጻፈችው የመጨረሻ ልቦለዷ ገና በረቂቅ ነበር፤ ለንባብ የበቃውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።