የመጨረሻዋ ብሎን

ቮልሴ ስትሮጥ ደህና ናት፤ የሚያማት ስትቆም ነው። ቸርችል ጎዳናን ወርጄ መብራት ሲይዘኝ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ፣ ዝቅ ይላል፤ መስታወቱ ውስጥ የሚታዩት የኋላ መኪኖች መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፤ ከዚያ አንዴ አስነጥሳ ቀጥ። ጡሩምባው ይከተላል። ሁለት ጋራዥ አስገብቻት ነበር። በሁለቱም የተደረገላት አንድ ነገር ነው፤ አንዲት ብሎን ጠበቅ ተደረገች፣ ሞተሩ ጮክ አለ፣ ሒሳብ ተከፈለ። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ማስነጠሷ ተመለሰች።

የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነስቶ ሞተሩ በራሱ ሲዞር መካኒኮቻችን «ሚኒሞ» ይላሉ፤ ትንሹ፣ የመጨረሻው ዝቅታ ማለት ነው። ስሙን የሰጠው ሰው ነገሩ ገብቶታል። ሚኒሞ ላይ የካርቡራተሩ አየር መዝጊያ ከሞላ ጎደል ድፍን ስለሆነ ሞተሩ የሚስበው አየር እፍኝ አይሞላም። መርፌ በማታሾልክ ቀዳዳ ሾልኮ የሚገባ አየር በሩጫ ጊዜ ከጎርፉ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል፤ በሚኒሞ ጊዜ ግን የቤቱን ቀለብ የሚሻማ እንግዳ ነው። እንግዲህ የቆየ ሞተር ችግሩን ሁሉ የሚናገረው ቆሞ ሲያንጎራጉር ነው፤ ብሎን አጥብቆ ማስጮህ ደግሞ በሽተኛው እንዳይናገር አፉን መያዝ።

ሦስተኛው መካኒክ ሽማግሌ ናቸው። ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ያለች ጠባብ ግቢ፣ አንድ ረዳት ልጅ፣ በግራሶ የጠቆረ ሣጥን። የሞተሩን ክዳን እንኳ ሳይከፍቱ «አሳድራት» አሉኝ።

«ለምን ጋሼ? ሥራ ነበረብኝ እኮ።»

«ቫልቯን ልለካ ነዋ። ትኩስ ብረት ይዋሻል።»

እውነታቸውን ነው። ይህ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲሞቅ ያብጣል፤ የቫልቩ ክፍተት የሚለካው ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ልኩ 0.15 ሚሊሜትር፤ ከአንድ ቅጠል ወረቀት ይወፍራል፣ ሁለት አይሞላም። በማግስቱ ጠዋት ከመኪናዋ ሥር ተጋድመው ሽፋኑን የያዘውን ሽቦ በካቻቢቴ ገፋ አድርገው አወረዱና ስሷን የብረት ልኬት አስገቡ። ከዚያ «ና፣ አንተም ሳባት» አሉኝ። ሳብኳት። ከከባድ መጽሐፍ ሥር ወረቀት የመጎተት ያህል ያዝ ታደርጋለች፤ አትነክስም። ስምንቱንም እንዲሁ አዩ። ሁለቱ ትንሽ ጠብቀው ነበር፤ አላሉ። ፑንቲናውን በ0.4 ሚሊሜትር አስተካከሉ፣ ካንዴላዎቹን አውጥተው አፋቸውን አዩ፣ መለሱ። ይሄ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ ከዚያች «ሳባት» በቀር አንዲትም ቃል አልወጣቸውም። ረዳቱ ልጅ ቁልፉን ገና ሳይጠየቅ ያቀብላል።

ካስነሷት በኋላ ነው የሳቸው ሥራ የጀመረው። ሞተሩ ያንን የታወቀ ማንከሱን ሲያንክስ፣ እጀታው በላስቲክ የተሸፈነ ፒንሳ ይዘው የካንዴላውን ገመዶች ተራ በተራ ይነቅሉ ጀመር። አንደኛውን ሲነቅሉ ሞተሩ ጉልበቱን እንደተመታ ሰው ዘጭ አለ፤ ቶሎ መለሱለት። ሁለተኛውን ሲነቅሉም ያው። ሦስተኛውን ነቀሉ፤ ብዙም አልተሰማውም። አራተኛውን ነቀሉ፤ እሱም እንደዚያው።

ለእኔ ይሄ ሁለት ሰነፍ ሲሊንደር ነው። ምናልባት የፒስተን ፋሻ አልቋል፣ ምናልባት ሞተር ማውረድ ሊመጣ ነው ብዬ ኪሴን በሐሳቤ ስቆጥር እሳቸው ፒንሳውን አስቀምጠው እጃቸውን ጠረጉ።

«ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ላይ ከታመሙ፣ የሚጠጡትን ውኃ ነው የማየው።»

የቮልስ አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል። በ1600ው ሞተር ከካርቡራተሩ የሚወርደው ቧንቧ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኙ አንደኛንና ሁለተኛን፣ ግራው ሦስተኛንና አራተኛን ያጠጣል። የመሐሉን ቧንቧ ከዳርና ከዳሩ ጋር የሚያጋጥሙት ሁለት አጫጭር የላስቲክ እጅጌዎች ናቸው። የእኔዋ በፈረንጆች 1972 የተሠራች ናት፤ ላስቲኩን ማን መቼ እንደቀየረው የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ሰውየው ገና ዓይናቸውን ሳያሳርፉ፣ አራት ገመድ ነቅለው በመመለስ ብቻ፣ ከመላው ሞተር የአንድ ክንድ ርዝመት ወዳለው ቦታ ደርሰዋል።

ማረጋገጫው ደግሞ የበለጠ አስደሰተኝ። አንዳንዶች እዚህ ላይ ቤንዚን ይረጫሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ምን እንደሚያስከትል አይጠፋንም። እሳቸው ልጁን «ሃይላንዷን» አሉት። ክዳኗ በሚስማር የተበሳ፣ ውኃ የያዘች የፕላስቲክ ጠርሙስ አመጣ። በቀኙ ላስቲክ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉ፤ ምንም። በግራው ላይ፣ ከላይ፤ ምንም። ጎንበስ ብለው ከሥሩ፣ ከማሰሪያው ብረት አጠገብ ጠብ ሲያደርጉ ሞተሩ ተስተካከለ። አንድ ትንፋሽ ለማይሞላ ጊዜ ማንከሱን ትቶ እኩል ዞረ፤ ከዚያ ውኃውን ፉት ብሎ ጨረሰና ወደ ማንከሱ ተመለሰ። ደገሙት፤ እንደገና ዳነ፣ እንደገና ታመመ። ሦስተኛ ጊዜ የደገሙት ለእኔ ብለው ይመስለኛል።

ላስቲኩ ሲወልቅ ከላይ ጤነኛ ነው። በጣታቸው ገልበጥ ሲያደርጉት ማሰሪያው ተኝቶበት በነበረው መስመር ላይ የጥፍር ጠርዝ የምታክል ስንጥቅ አፏን ከፈተች። ሁለቱንም ቀየሩ፤ ጤነኛውን ለምን እንደቀየሩት ስጠይቃቸው «እኩዮች ናቸው» ብቻ አሉኝ።

ቀሪው የካርቡራተሩ ነገር ነበር፤ እዚህ ላይ ፊታቸው ትንሽ ተቋጠረ። ሁለቱ ጋራዦች ያጠበቋት ብሎን በነዳጅ ክንዱ ላይ ያለችው ናት። እሷ የአየር መዝጊያውን ማረፊያ የምትወስን እንጂ የሚኒሞ ብሎን አይደለችም። መዝጊያው ከሚያርፍበት ጠርዝ አጠገብ በካርቡራተሩ ግድግዳ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ መዝጊያው ፈቀቅ ካለ ያለጊዜያቸው ይገለጣሉ፣ ልኩ ሁሉ ይፋለሳል። ብሎኗን እስክትለቅ ድረስ መለሷት፣ እንደገና ንክት እስክታደርግ አመጧት፣ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ።

የዚህ ሶሌክስ ካርቡራተር እውነተኛ የሚኒሞ ብሎኖች በጎኑ ያሉት ሁለቱ ናቸው፤ ትልቁ ፍጥነቱን፣ ትንሹ ቅልቅሉን ይገዛል። ትንሹን ሞተሩ በጣም እስኪፈጥን ከፈቱት፤ ከዚያ ትንሽ እስኪከብደው መልሰው አጠበቁት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተመጠነ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። የፋብሪካውን ልክ በጭፍን የሚከተል እጅ እዚህ ይሳሳታል። ከዚያ ትልቁን ብሎን በሁለት ጣት ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጽሐፉ በደቂቃ 850 ዙር ገደማ ይላል፤ ይህም በሴኮንድ 28 ያህል ፍንዳታ ነው፤ የማንም ጆሮ አይቆጥረውም። እሳቸው የሚሰሙት ቁጥር ሳይሆን በፍንዳታዎቹ መሐል ያለውን ዝምታ ይመስለኛል። የብሎኗ ራስ በዓይን የሚታይ መዞር አልዞረችም፤ ድምፁ ግን ተለወጠ። ያ የቮልስ ልስልስ ማጉረምረም መጣ።

ሒሳቤን ከፍዬ ልገባ ስል «ቆይ» አሉኝ። ከሣጥናቸው ቀይ የጥፍር ቀለም አወጡ፤ የሴት ልጃቸው ይሁን የማን እንጃ። በነዳጅ ክንዱ ላይ ባለችው ብሎን ራስና በማረፊያዋ መሐል አንዲት ነጥብ ጠብ አድርገው እስኪደርቅ እፍ አሉባት።

«ተሰንጥቃ ካየኋት ሌላ ሰው እንደነካት አውቃለሁ» አሉና ክዳኑን ዘጉ።