ጨው፣ ሰሊጥና አንድ ዝነኛ ሠንጠረዥ

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ከሚሴ አጠገብ፣ ጨፋ ሸለቆ ውስጥ የሚያርስ ገበሬ «ጨው ያለበት ውሃ ባጠጣ የሰሊጥ ምርቴ ምን ያህል ይቀንስብኛል?» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?

ብዙ ባለሙያ የሚያወጣው የፋኦን የመስኖ ውሃ ጥራት መመሪያ ነው፤ ኤየርስና ዌስትኮት ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ተሻሽሎ የታተመው። ሠንጠረዡ ግልጽ ነው። ጨው ሲበዛ ሥሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖም ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ይጠማል። ግን እስከ አንድ ወለል ድረስ ምርት አይቀንስም፤ ከዚያ በኋላ በእኩል መጠን ይወርዳል። የተልባ ወለል 1.7 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲሆን ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ አሃድ 12 በመቶ ይቀንሳል። የለውዝ ወለል 3.2 ነው፤ ቅነሳው ግን 29 በመቶ! ስለዚህ 4.2 ላይ ሁለቱም 30 በመቶ ገደማ ያጣሉ፤ 5.2 ላይ ግን «ጠንካራው» ለውዝ ከተልባ የባሰ ይጎዳል። ወለሉን ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል ማለት ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው። 1.7 የአፈሩ ጨው እንጂ የውሃው አይደለም። መመሪያው ራሱ የውሃውን ወለል ለተልባ 1.1 ያደርገዋል። ይሄም የሚሠራው ከሚጠጣው ውሃ ከ15 እስከ 20 በመቶው ጨዉን አጥቦ ወደ ታች ከወረደ ነው። መውጫ ከሌለውስ?

መልሱ አሚባራ ላይ አለ። የአዋሽ ውሃ ያን ያህል ጨዋማ አልነበረም። ጥጡ ያለ በቂ ማጠንፈፊያ ቦይ ሲጠጣ ግን የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ አለ፤ ፀሐይ ውሃውን ስታተን ጨዉ ቀረ፤ ማሳ እስከ መተው ተደረሰ። ጨፋም ሜዳና ረግረግ ነው፤ ቦርከናው ቢፈስም ውሃ የሚተኛበት ቦታ ሞልቷል። ስለዚህ «ውሃው ስንት ጨው አለው?» ከማለታችን ጋር «ውሃው በየት ይወጣል?» ማለት አለብን።

በሠንጠረዡ ላይ ያለኝ ቅሬታም ይኸውላችሁ። ሰሊጥን «ጨው የማይችል» ብሎ ያልፈዋል፣ ቁጥር የለውም። የእኛው ኑግ ጭራሽ ስሙም አልተነሳም። ቁጥሮቹም በአብዛኛው የበቀለና የቆመ ተክልን ነው የሚመለከቱት፤ ገበሬው ግን መጀመሪያ የሚፈራው ዘሩ ሳይበቅል እንዳይቀር ነው።

ሠንጠረዡ ይጣል አልልም፤ መነሻ ነው። ግን ለገበሬው «ይህን ያህል ታጣለህ» ከማለታችን በፊት የእሱን አፈር እንለካ፣ ሰሊጡንም እዚያው ማሳው ላይ ዘርተን እንየው።