መድኃኒቱ ይቅረብ፣ ስብከቱ ይቆይ፦ ሚሲዮንና የድሃ እርዳታ በሰሜን ሸዋ

በ1839 አጋማሽ ሚሲዮናውያኑ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍና ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ ከታጁራ ተነሥተው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው አንኮበር ሲገቡ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሰባኪ አልቸገራቸውም ነበር (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሸዋ አድባራት በካህናት የተሞሉ ነበሩ፤ እንዲያውም ካህናቱ በክርስቶስ ልደት ክርክር ተከፋፍለው ለቤተ መንግሥቱ ራስ ምታት ሆነውበት ነበር። ንጉሡ የፈለጉት ሐኪም፣ ግንበኛና አንጥረኛ ነበር፤ ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ጠመንጃ። እንግዶቹ ልጆች ሰብስበው ለማስተማር ፈቃድ ሲጠይቁም ያገኙት መልስ ይኸው ነው፤ ከመንፈሳዊ አስተማሪ ይልቅ የእጅ ባለሙያ እንደሚያስፈልጋቸው ንጉሡ ነገሯቸው።

የሰሜን ሸዋ የሚሲዮን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የከሸፈ ሙከራ ሆኖ ነው። ስንት ሰው አመነ? ስንት ጉባኤ ተተከለ? ተብሎ ይቆጠርና ቁጥሩ ሲያንስ ምዕራፉ ይዘጋል። እኔ ግን ታሪኩን የድርድር ታሪክ አድርጎ ማንበብ የበለጠ ያስኬዳል እላለሁ። መጪው በአንድ እጁ ስብከት፣ በሌላው መድኃኒትና ጥበብ ይዞ መጣ፤ አስተናጋጁ ሁለተኛውን ተቀብሎ የመጀመሪያውን መለሰ። በጎ አድራጎትን ከወንጌል የለየው የመጀመሪያው መቀስ በሚሲዮናዊው እጅ ሳይሆን በባለአገሩ ገዥ እጅ ነበር ማለት ነው። ይህን ስናይ፣ ሁለቱም ወገኖች ሲደራደሩ ዞር ብለው ያላዩት ድሃ በማን ቀለብ ይኖር እንደነበር መጠየቅ ግድ ይሆናል።

በርእሱ ላይ የተጻፉት ዋና ዋና ሥራዎች ይህን ጥያቄ አይመልሱትም። ዶናልድ ክረሚ በ1972 ያሳተመው፣ ካህናትንና ፖለቲከኞችን ጎን ለጎን የሚያጠናው መጽሐፍ በሚሲዮንና በቤተ መንግሥት መካከል የነበረውን ግንኙነት በመተንተን እስካሁን የሚተካከለው የለም። ጉስታፍ አሬን በ1978 የወንጌላውያኑን ፈር ቀዳጆች ታሪክ በትዕግሥት ሰብስቧል። ሆኖም የክረሚ ትረካ የሚያበቃው በ1868፣ በአፄ ቴዎድሮስ ሞት ነው። ለመቅደላ ይህ ዓመት መጨረሻ ነው፤ ለሸዋ ግን መጀመሪያ ነው፤ ጣሊያናዊው የካፑቺን ጳጳስ አባ ማስያስ ልቼ የገቡት በዚሁ ዓመት ነውና። ሁለቱም ደራስያን በዋናነት የተመገቡት ከአውሮፓ መዛግብት ነው። ክራፍን የላከው የቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ መዝገብ ዛሬ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተደራጅቶ ተቀምጧል፤ የአንኮበር ድሃ እዚያ መዝገብ ውስጥ የሚገኘው አንድም በሽተኛ፣ አንድም ለማኝ ሆኖ ነው።

የክራፍንና የኢዘንበርግን የጉዞ ማስታወሻ (ለንደን፣ 1843) ቀርቦ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። አንኮበር ለክራፍ ቤት አልነበረችም፤ በር ነበረች። ዓይኑ ከከተማዋ ገደል ማዶ ወደ ኦሮሞ ምድር ነበር፤ ወንጌላትን ወደ ኦሮምኛ የመመለስ ሥራውን የጀመረው፣ ሰዋስው ያዘጋጀውም በዚህ ተስፋ ነው። ለአንኮበር ክርስቲያኖች ያመጣላቸው በካይሮ በአባ አብርሃም (አቡ ሩሚ) የተተረጎመውንና በለንደን የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። በአንጻሩ ከሸዋ የብራና መጻሕፍት እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ልኳል። የታተመ ወረቀት ገባ፣ ብራና ወጣ፤ ከዚህ ንግድ ማን አተረፈ የሚለው ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ክራፍ በመጋቢት 1842 እጮኛውን ለመቀበል ወደ ጠረፍ ሲወርድ ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ ዘረፈው፤ ተመልሶ ለመግባት ሲሞክር የሸዋ በር ተዘጋበት። ከዚያ በኋላ ስሙ የሚነሣው ከሞምባሳ ጋር ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛው ካፒቴን ሃሪስ ግን ጠመንጃ ይዞ መጥቶ በኅዳር 1841 የወዳጅነት ውል ተፈራረመ። ከሁለቱ እንግዶች የትኛው የንጉሡን ፍላጎት እንዳሟላ ግልጽ ነው።

ፕሮቴስታንቱ ክራፍ የሸዋን ምጽዋት ያየበት መነጽር ከትምህርቱ የመጣ ነው። ጾም፣ ዝክር፣ ተዝካር፣ ለነዳያን የሚሰጥ እንጀራ ሁሉ በእሱ ሚዛን ሰው በሥራው ሊጸድቅ የሚደክምበት ከንቱ ልፋት ነበር። ስለዚህ ድሃውን የሚያበላው ሥርዓት ለሥራው እንቅፋት ከሚላቸው ነገሮች ተራ ገባ። እዚህ ላይ ማስታወሻው ራሱን ይቃረናል። በተራበ ዘመን ንጉሡ ጎተራቸውን ከፍተው ሕዝቡን መመገባቸውን የነገሩን እነዚሁ የአውሮፓ ጸሐፍት ናቸው። ያዩትን መዝግበዋል፤ ያዩት ነገር ምን እንደሆነ ግን አላስተዋሉም።

የአገሬው ሚሲዮን ከእነሱ በፊት ነበረ፤ የጀመረውም ከእህል ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የቡልጋ ሰው ናቸው፤ የዞረሬ፣ የጽላልሽ። ገድላቸው ወላጆቻቸው ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኃረያ በየወሩ የሚካኤልን ዝክር እየዘከሩ ድሃ ያበሉ እንደነበር ይተርካል። ረኃብ ሆኖ ለዝክሩ የሚሆን ዱቄት ሲጠፋ፣ ሕፃኑ እጁን አስገብቶ ዕቃውን እንደሞላው ይነግረናል። ካደጉ በኋላም ለስብከት የወጡት ሀብታቸውን ለድሆች በትነው፣ ቤታቸውን ክፍት ትተው ነው። ገድል እንደ ዜና መዋዕል አይነበብም፤ ተአምሩ ሆነ አልሆነ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም አይደለም። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ዝክር፣ ቀጥሎ ስብከት። ገድሉን የጻፈው ማኅበረሰብ ሰባኪን ከመጋቢ ለይቶ ማሰብ አልቻለም።

ይህ አስተሳሰብ በተቋም መልክ የሚታየው በሰንበቴ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ውስጥ ካለችው የሰንበቴ ቤት ጎራ ያለ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ተራ የደረሰው አባል ድፎ ዳቦውንና የጠላ ጋኑን አስይዞ መጥቷል፤ ገብሱ የራሱ ማሳ ነው፣ የደጋው ብርድ ሌላ እህል እምብዛም አያበቅልም። ቄሱ ይባርካሉ፣ ሙሴው ዳቦውን ያስቆርሳል፤ ከአባላቱ ጋር ከግንቡ ሥር የተቀመጡት አረጋውያን፣ ዓይነ ስውሩ፣ ለምድ የለበሰው የቆሎ ተማሪ ድርሻቸውን ይቀበላሉ። ማንም ማንንም አይመዘግብም፣ ማንም ድህነቱን አያስመሰክርም። ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ይሰጣል፤ ጽዋ የተቀበለ ሰው ደግሞ ዝናቡ ቢቀር እንኳ ተራውን ላለማጉደል ተበድሮ ይደግሳል። የዘመኑ የእርዳታ ድርጅት ለአንድ ዙር እደላ የሚያወጣውን ቅጽ ላየ ሰው ይህ የአሠራር ቅለት ያስቀናል።

ቅናቱ ግን ዓይንን መጋረድ የለበትም። ሰንበቴ የሚያበላው የሚታወቀውን ድሃ ነው፤ የመንደሩን ልጅ፣ የደብሩን ለማኝ። ርኅራኄው የአጥቢያውን ድንበር ብዙም አይሻገርም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከጉልት መሬት ግብር ስትሰበስብ በኖረችበት ዘመን፣ በደጇ የሚመጸወተው ሰው አንዳንዴ ያንኑ እህል ያመረተው ገበሬ ነበር። በምጽዋት የቆየ ድሃ ድሃ ሆኖ የሚቆይበት ዕድልም ሰፊ ነው። ከሁሉም የከፋው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲራብ ሥርዓቱ የሚደገፍበት አለማግኘቱ ነው። በክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.) ከብቱ በበሽታ አልቆ ማሳው ጦም ሲያድር፣ ጎተራ የከፈቱትና ራሳቸው ዶማ ይዘው የቆፈሩት ምኒልክ ነበሩ። በ1984 ደግሞ መንዝና ይፋት ሲራቡ ተራ ደርሶት የሚደግስ አልተገኘም፤ የመጣው ስንዴ በመርከብ የመጣ ነበር።

ወደ ድርድሩ እንመለስ። አባ ማስያስ ከደብረ ብርሃን በማይርቀው በልቼ ከምኒልክ ጋር ሲገናኙ ታሪኩ ራሱን ደገመ። ጳጳሱ የፈንጣጣ ክትባት ያውቁ ነበር፤ በሕዝቡ ዘንድ ስማቸው የናኘው በዚሁ ነው። ምኒልክም አማካሪና ከአውሮፓ ጋር የሚያገናኝ ሰው አድርገው አሥር ዓመት ያህል አቆዩዋቸው። በ1878 ግን ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ ሲገብሩ ሚሲዮናውያንን ማስወጣት ከስምምነቱ ነጥቦች አንዱ ሆነ፤ የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤም ተከተለ። በ1879 ማስያስ ሄዱ። የቀረልን አሥራ ሁለት ቅጽ ያለው ትዝታቸው ነው፤ ግማሹ ቅሬታ ቢሆንም ስለ ሸዋ ቤተ መንግሥት የሚነግረን ብዙ አለው።

ሣህለ ሥላሴ በአንደበታቸው ያሉትን የ1944ቱ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ አጸደቀው። አዋጁ አገሪቱን ለሚሲዮኖች ክፍት በሆኑ ቦታዎችና በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቦታዎች ከፈላት። በኋለኞቹ፣ ሰሜን ሸዋን በመሰሉት፣ ሚሲዮን ሐኪም ቤትና ወደ ሃይማኖት ልዩነት የማይገባ ትምህርት ቤት ሊከፍት ይችላል፤ ማሳመን ግን አይችልም። ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ የአንኮበሩን ቅድመ አያታቸውን መልስ በሕግ ቋንቋ ጻፉት ማለት ይቻላል፤ ከሣህለ ሥላሴ የዘር ሐረግ መሆናቸውን ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ ከአጋጣሚ በላይ ይመስላል።

ሁለተኛው መቀስ የመጣው ከውጭ ነው። በግንቦት 1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ (በኋላ ደርግ የገደላቸው) በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ላከች። ቅሬታው ቀጥተኛ ነበር፦ የአውሮፓ ለጋሾች ለጉድጓድና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለስብከት ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ሰው ግን ሥጋና ነፍስ ተብሎ አይከፈልም። ሣህለ ሥላሴ ጥበቡን ወስደው ስብከቱን የመለሱት ለሥልጣናቸው ፈርተው ይሆናል፤ ለጋሾቹ ግን ያንኑ ያደረጉት በዘመናዊነት ስም ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ተራድኦ ኮሚሽኗን አቋቋመች፤ እሷም ምግባሯን በፕሮጀክት ቋንቋ ለለጋሽ ማስረዳት ነበረባት። የሰንበቴው ዳቦ በሪፖርት ላይ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚል ስም ይዞ ብቅ የሚለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስሙን ባይወድድም።

ያለ ምንም ስብከት የመጣ እርዳታም አለ። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሃይንዝ ቦም በ1981 የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታልን ሠርቷል፤ የሣህለ ሥላሴን መስፈርት ከማንም በላይ ያሟላው ምናልባት ይህ ሰው ነው።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ከወለጋና ከሌሎችም አካባቢዎች የተፈናቀሉ ሰዎች የተጠለሉባት ከተማ ናት፤ ቻይና ካምፕ የሚባለውን መጠለያ የማያውቅ ነዋሪ የለም። መጀመሪያ እንጀራና ብርድ ልብስ ይዞ የወጣው የከተማው ሰው ነው፤ እድሩ፣ ማኅበሩ፣ አጥቢያው። እዚህ ላይ ግን ከላይ ያነሣሁት ድንበር ይፈተናል፦ ተፈናቃዩ የማንም ደብር ልጅ አይደለም፣ ጽዋ የሚያነሣበት ተራም የለውም። ሰንበቴና እድር ይህን እንግዳ ድሃ በምን ሒሳብ እንደተቀበሉት ለማወቅ የበርሚንግሃም መዝገብ አይጠቅምም። የሚጠቅመው በየማኅበሩ ሙሴና በየእድሩ ጸሐፊ እጅ ያለው፣ መዋጮና ወጪ የሚመዘገብበት ደብተር ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ ሩቅ መሄድ አይጠበቅባቸውም፤ ደብተሮቹ ሳይበጣጠሱ መድረስ ብቻ ነው።